የእማዬ ግዝትና የባሕሩ ነፋስ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለጃለኔ፣ ባሕር ላይ ለምትወድቂው፤

ሰላምታዬ በካዛንቺስ አቧራ ተጠቅልሎ ይድረስሽ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ ታሞ የተኛ ሰው አራት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ጃንጥላ አይጽፍም። ደብዳቤሽን ጅቡቲ የሚመላለሰው ጋሽ ጉርሜሳ ከከባድ መኪናው ሳይወርድ በመስኮት ወረወረልኝ። ናፍታ ናፍታ ይላል። እማዬ አሽትታው «ልጄን ምን አድርገዋት ነው?» አለች።

ለጥያቄሽ መልስ፤ አዎ፣ አስታውሳለሁ። ፌስታል በክር አስረን እናበርር ነበር። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ምን እናደርግ ነበር ብለሻል። ምን እናደርጋለን፣ አብረነው እንሮጥ ነበራ! ፌስታሉ ይወድቃል፣ ከዚያ አንቺ እኔን ትመቺኛለሽ። ሌላ ዘዴ አልነበረንም።

እስቲ የጻፍሽልኝን በገባኝ ልክ ልድገመው፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው መድገም ያውቅበታል። አንቺ እዚያ ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥቢያለሽ። ባለቤቷ ፈረንጅ ማዳም ደግሞ፣ ሥራ ስትጨርሺ ካይት የሚሉትን የሰማይ ሸራ ወገብሽ ላይ አስራ፣ እግርሽን ጣውላ ላይ ገጥማ ባሕሩ ላይ ትለቅሻለች። አሁን ነፋሱን በጎን ይዘሽ መሄድም መመለስም ችለሻል። የሚያቅትሽ ነፋሱ ወደሚሄድበት አብረሽው መውረድ ነው። ማዳም ግን ሴት እንግዶችን አጅባ ዳሩን ይዛ ከነፋሱ ጋር የምትወርድ ሰው ትፈልጋለች። ያን ጉዞ ሳትወድቂ ከጨረስሽ ሥራው ያንቺ ነው፣ የመኖሪያ ወረቀትሽም ይታደሳል። ካልሆነ የነፋሱ ወራት ሲያልቅ ማረፊያው ይዘጋና ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እኛ። ማለቴ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ማንኮራፋት ጋር። አየሽ፣ የሚያስፈራው ባሕሩ አይደለም።

በኋላ «ወንድሜ አላገዘኝም» እንዳትዪ ትናንት በታክሲያችን ሞከርኩልሽ። ወያላ መሆን ጥቅሙ ይሄ ነው፤ በሩ የኔ ነው። ከስታዲየም ወደ ቄራ ስንወርድ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ፌስታሌን በክር ለቀቅኩ። እንደ ሀብታም ሆድ ወደ ፊት ተነፋ። ሾፌራችን ጋሽ ፀሃዬ ሲነዳ ግን ፌስታሉ ቀስ እያለ ሞተ። ነፋሱን ደረስንበታ! ክሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሳወዛውዘው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ጋሽ ፀሃዬ በመስታወት እያየኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ልታጠምድ ነው? አስገባው፣ ትራፊክ ያየናል!» ይላል።

በቃ፣ ምክሬ ይሄ ነው፦ ጃንጥላሽን አታስቁሚው፣ አወዛውዢው። ቀድመሽውም አትሂጂ።

እማዬ አሁንም ክፍል እያጸዳሽ ባሕሩን በመስኮት ብቻ የምታዪ ነው የሚመስላት። አጎታችንን ዝዋይ ሐይቅ ከወሰደው ወዲህ እሷ እንኳን ባሕር፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ውኃም አታምንም። አልነገርኳትም። አፌ መቃብር ነው። አትሳቂ።

ወንድምሽ ነገሪ፣ የካዛንቺስ–ቄራ መስመር አምባሳደር


ጅቡቲ፣ ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለነገሪ፤

አንተ ቀልማዳ፣ እንዴት ከረምክ? ጃንጥላ አይደለም፤ ካይት ነው። ጃንጥላ ሰውን ከዝናብ ያድናል፤ ይሄ ጎትቶ ጨው ያበላል።

ፌስታልህ ግን እውነቱን ነው። ማዳምም የምትለኝ ያንኑ ነው። ካይቱን አናቴ ላይ አቁሜ ነፋሱን ተከትዬ ስሮጥ እደርስበታለሁ፣ ገመዱ ይላላል፣ ካይቱ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ጎን ዝቅ አድርጌ ይዤው፣ ሰማዩ ላይ ስምንት ቁጥር እንዲጽፍ እጄን ሳላሳርፍ እነዳዋለሁ። ቀጥ ብዬም አልወርድም፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከካዛንቺስ መጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው። ገመዱ ሊላላ ሲል ጣውላውን ወደ ጎን አዙሬ በተረከዜ ጫን እላለሁ፤ መልሶ ይወጠራል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አሸዋው ላይ ቆመን ብትጠይቀኝ አንተንም አስተምርሃለሁ።

ጠላቴ የኋላ እግሬ ነው። ማዕበሉ ከጀርባዬ ከፍ ሲል እፈራለሁ። ስፈራ ሰውነቴ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኋላ እግሬ ጣውላውን ረግጦ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ካይቱ ነይ ይለኛል፣ እኔ እምቢ እላለሁ። ከዚያ እግሬ ሲደክም እለቀዋለሁ፤ ጣውላው ይፈተለክና ካይቱ ስር ያደርሰኛል። የቀረውን ታውቀዋለህ። ማዳም ከጀልባው ላይ «ጉልበት! ጉልበት!» ትላለች። ጉልበትሽን አላልተሽ ያዢ፣ ክብደትሽን ለፊት እግርሽ ስጪው፣ የምትሄጂበትን እዪ ማለቷ ነው። እኔ የማየው የተነሳሁበትን ነው።

ያ መንገድ መመለሻ የለውም። ዳሩ ገደል ነው፤ መኪና የሚጠብቀን መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ጀልባ ይከተለናል፣ ግን የወደቀ እንግዳ ለማንሳት ነው፤ አጃቢዋን ካነሳማ ምን አጃቢ ናት? የእኔ ቀን የካቲት አጋማሽ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው። ባለፈው በላክኸው ብጣሽ ወረቀት ላይ «እማዬን ለጊዜው አትጠይቂኝ» ብለሃል። ጋሽ ጉርሜሳን ብጠይቀው ጎማውን በእግሩ እየመታ ማየት ጀመረ። ምን አደረግህ? አመማት? ሰላምታዋ ለምን ቀረብኝ? ቀልድ ከሆነ አልሳቅሁም።

እህትህ ጃለኔ


ካዛንቺስ፣ ጥር 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጃለኔ፤

«ጻፍ» ተብያለሁ፣ እጽፋለሁ። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣለች። እጁ የኔ ነው፣ ቃሉ የሷ።

ነጠላዋን እስክታስተካክል ቶሎ ልንገርሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ፌስታል በሌላ ቀን ስሞክር አንዷ ተሳፋሪ «ይሄን ልጅ ያመዋል እንዴ?» አለች። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ አላርፍም። «እህቴ ጅቡቲ በጃንጥላ ባሕር ላይ ትሮጣለች፣ ለሷ ነው የማጠናው» አልኩ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች፤ ኋላ ወንበር ጥግ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋአየሁ። ማታ ቤት ስገባ እማዬ ራት አላቀረበችልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽን አትጠራም ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፈው? እኔ ገና ምንም አላልኩ!»

«አድራሻ ነው እማዬ።»

«አድራሻ ይሄን ያህል?»

«ጅቡቲ ሩቅ ነዋ።»

እሺ፣ ጀመረች። ቃሏ እንዲህ ነው፦

«ልጄ ጃለኔ፤ ባሕር ላይ እንደምትሄጂ ከጎረቤት አፍ ሰማሁ። ወንድሜን ዝዋይ በልቶብኛል፤ የምቀብረውን እንኳ አልመለሰልኝም። ጴጥሮስ ጌታን እያየ ሊሰጥም ነበር፤ አንቺ ማንን እያየሽ ነው? የንስሐ አባታችን አባ ገብረመስቀል ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሳቸውም ባሕር እንዳትገቢ በእግዚአብሔር ስም ገዝተውሻል። ግዝት ነው፣ የእናት ቁጣ አይደለም። ከጣስሽው እሳቸው እስኪፈቱሽ ድረስ ቁርባን የለሽም። እኔም ዓይንሽን አላይም።»

እውነቱን ልንገርሽ? በመጀመሪያ እዚህ ቦታ ላይ «ተጠንቅቀሽ ግቢ ልጄ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ማንበብ አትችልም ብዬ ተማምኜ። እሷ ግን ዝም ብላ ወጣችና ያችን አስተማሪ ጎረቤታችንን ሳምራን ይዛ መጣች። ሳምራ ከአናቱ ጀምራ፣ ያን «አድራሻ» ሳይቀር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። የሚታይሽ ቀይ መስመር የሷ ነው፤ «ፊደል ስተሃል» ብላ። የግዝቱን ቃል እማዬ ጆሮዬን ይዛ እንደገና አስጻፈችኝ። ካሁን በኋላ የሚመጣውንም የሚሄደውንም ደብዳቤ የምታነብላት ሳምራ ናት።

ይቺን ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሌላ ብጣሽ ወረቀት ጻፍኩ፤ ለጋሽ ጉርሜሳ ለብቻዋ አስይዘዋለሁ። ፖስታውን እማዬ ለጋሽ ጉርሜሳ በእጇ ልትሰጥ ወደ ቃሊቲ እየሄድን ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያልሰሙት ግዝት ያስራል? ጋሽ ፀሃዬን ጠየቅኩት፤ «እኔ መንጃ ፈቃድ ነው ያለኝ» አለኝ። ፖስታውን መንገድ ላይ ልጥለው አስቤ ነበር፣ ከእጇ ግን አይወጣም። እንግዲህ ምን ላድርግ።

ነገሪ


ጅቡቲ፣ ባሕር ዳር፣ የካቲት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

ነገሪ፤

ደብዳቤው የደረሰኝ በጉዞው ማለዳ ነው። ካይቱ ተነፍቶ አሸዋ ላይ ተኝቷል፣ ሁለቱ እንግዶች ቅባት ይቀባባሉ፣ ማዳም ጀልባው ውስጥ ነዳጅ ትሞላለች። መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን መስመር ነው፤ ሳቅሁ። ከዚያ አነበብኩት።

ገባሁ። ለማሰብ ጊዜ ቢኖረኝ ምናልባት እቀር ነበር። ማዳም «በሉ!» አለች፣ እግሬ ጣውላው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ደህና ወረድኩ። ደህና ብቻም አይደል፣ እንደዚያ ወርጄ አላውቅም። ካይቱ ሰማዩ ላይ ስምንቱን ይጽፋል፣ ጣውላው ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ ከነፋሱ ጋር ስትሄድ ድምፅ የለም፤ ነገሪ፣ ጆሮህ ላይ ምንም የለም። እዚያ ጸጥታ ውስጥ እማዬ መጣች። «ማንን እያየሽ ነው?» ዞሬ አየሁ። ከጀርባዬ ማዕበሉ ቆሟል። ጉልበቴ እንደ እንጨት ደረቀ፣ የኋላ እግሬ ረገጠ፣ ሌላው ያው ነው። ካይቱ ውኃው ላይ ተደፋ፣ ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ጀልባው እኔን እስኪያነሳ እንግዶቹ ቆመው ጠበቁ። ሲያነሱኝ አጨበጨቡልኝ። ሰው አዝኖልህ ሲያጨበጭብ እንዴት እንደሆነ አታውቅም፣ አይድረስብህ።

ማዳም አልተቆጣችም። መጋቢት 15 የዘንድሮው የመጨረሻ ጉዞ አለ፤ እሱን ሞክሪ ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ነፋስም የለም፣ ማረፊያም የለም።

አሁን ቀልድህን አስቀምጠህ መልስልኝ። የጣለኝ የኋላ እግሬ ነው ወይስ ግዝቱ? እግሬ ከሆነ ልምምድ አለው። ግዝቱ ከሆነ ምን አለው? አባን ለምኑልኝ፣ ይፍቱኝ። እዚህ ስልክ አይሠራም፤ የማዳም የሳተላይት ስልክ ሰው ሲጠፋ ብቻ ነው የሚከፈተው። በጋሽ ጉርሜሳ ላክ።

ይሄን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታሰማት።

ጃለኔ


ካዛንቺስ፣ የካቲት 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ፤

ሰማችው። ጋሽ ጉርሜሳ ፖስታውን ሲሰጠኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ሳምራን በዓይኔ ጠቀስኳት፣ አልገባትም ወይም ገብቷት እምቢ አለች፤ ሁሉንም አነበበች። «እግሬ ነው ወይስ ግዝቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ እማዬ «ቆዪ፣ መልሺው» አለች። ሳምራ መለሰችው። ከዚያ እማዬ፣ «እኔ ነኝ የጣልኳት?» ብላ እኔን ጠየቀች። ስንት ጊዜ ዋሽቻት አውቃለሁ! ያን ሰዓት አንዲት ውሸት ብፈልግ አፌ ባዶ ሆነ።

ጫማዋን ተጫምታ ወደ አባ ሄደች። አባ የሉም። ጾሙ ሲገባ ወደ ገዳም ወርደዋል። ሌላ ቄስ ለመነች፤ «ያሰረው ማን ነው? እሱው ይፍታ» አሏት። ሌላም ሄደች፣ ያው። ትናንት እኔ ራሴ አንዱን ቄስ ታክሲ ውስጥ አግኝቼ ከካዛንቺስ እስከ ቄራ ጨቀጨቅኳቸው። የሚወርዱበትን አሳለፍኳቸው መሰለኝ፣ ተቆጥተው ወረዱ። ቅዳሜ እማዬ ገዳም ትሄዳለች።

ለጥያቄሽ መልስ፤ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት መልስ እሰጥሽ ነበር፣ ሦስቱም ውሸት። አሁን ያደረግኩት ይሄን ብቻ ነው። በሩን ከፍቼ ቆሜ፣ ጋሽ ፀሃዬ ቁልቁለቱ ላይ ሲፈጥን የራሴን እግር አየሁት። ሰውነቴ ወደ ኋላ ሸሸ፣ የኋላ እግሬ ወለሉን ረገጠ፣ ጉልበቴ ደረቀ። እኔን ማንም አልገዘተኝም። ስለዚህ እግር ይመስለኛል። ግን እኔ አስፋልት ላይ ነኝ፤ ብወድቅ የሚስቁብኝ ሎተሪ አዟሪዎች ናቸው። አንቺ ያለሽበት ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ።

ቅሪ እንዳልልሽ ሻንጣሽ ይታየኛል። ሂጂ እንዳልልሽ እማዬ ትታየኛለች።

ነገሪ


ጅቡቲ፣ ባሕር ዳር፣ መጋቢት 7 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለነገሪ፤

መልስህ ደርሶኛል። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ካንተ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከግዝቱ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

በየቀኑ በትንሹ ወሽመጥ፣ ባሕሩ ወደ መሬት በገባበት፣ እለማመዳለሁ። አሁን ካይቱ አይወድቅም። የፊት እግሬ ክብደቴን መቀበል ለመደ፤ ማዕበሉ ሲያነሳኝ ጉልበቴ እንደ ጋሽ ፀሃዬ ታክሲ ሱስታ ዝቅ ከፍ ይላል፤ ያውም እሱ ካለው። ወሽመጡ ግን ዳር አለው። ብወድቅ በእግሬ እወጣለሁ። እንደዚያም ሆኖ ግዝቱ ትዝ ሲለኝ ጉልበቴ ይደርቃል። እዚህ ውኃ ውስጥ በገባሁ ቁጥር እንደምጥሰው አውቃለሁ። ሰው አንዴ ከጣሰ በኋላ ለምን እንደሚጠነቀቅ እኔም አልገባኝም።

እማዬ ከገዳም ተመለሰች? አባ ምን አሉ? ምክር አልፈልግም፣ ስለ ፌስታል አትጻፍልኝ። አንድ ቃል ብቻ ከቀኑ በፊት ይድረሰኝ፤ «ተፈትተሻል» የሚል። ካልደረሰኝ ምን እንደማደርግ እስከዚያ ማለዳ ድረስ አላውቅም።

ጃለኔ


ካዛንቺስ፣ መጋቢት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጃለኔ፤

እማዬ ተመልሳለች። እግሯ አብጧል፣ ሌላ ደህና ናት። አባ ሱባኤ ገብተዋል፤ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ከበኣታቸው አይወጡም፣ ከሰውም አይነጋገሩም። በረኛው መነኩሴ «መልእክት አላስገባም፣ እኔም ታዝዤ ነው» አላት። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። አልጮኸችም አለ አብሯት የሄደው የእትዬ ሸዋአየሁ ባል። እሷ ሳትጮህ ስትቀር እኔ የምገባበት ይጠፋኛል።

ዛሬ ጠዋት «ጻፍ» አለችኝ። ሳምራን ልጥራት ወይ አልኳት። «ለምን? ራስህ ጻፍ» አለች። ቃሏ ይሄውልሽ፤ ከራሴ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦

«ልጄ ጃለኔ፤ አባን አላገኘኋቸውም። አልቅሼ ያስገዘትኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ግዝቱ በእኔ ራስ ላይ ይሁን። ቁርባን የሌለኝ እኔ ነኝ። በፋሲካ ሁሉ ሲቆርብ እኔ ውጭ እቆማለሁ። አባ ሲወጡ የሚፈቱት እኔን ነው፣ አንቺ ላይ ምንም የለም። ስለ ኋላ እግርሽ የማውቀው የለኝም። ባሕሩንም አልወደድኩልሽም፣ አልወድልሽምም። ግን በባሕሩ መካከል ሆነሽ እኔን ለማየት ዞረሻል። አትዙሪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ይሄ ይሆናል አይሆንም አላውቅም። እንዲህ አድርጎ ግዝት ከሰው ወደ ሰው ይሸከሙታል? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ደብር ሄጄ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ጠየቅኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺ ይሁን እምቢ ይሁን አልለየሁትም። እማዬን ላስቀራት ሞከርኩ። «እማዬ፣ ለፋሲካ ስትጾሚ ቆይተሽ?» አልኳት። «ሌላ የምልክላት ነገር አለኝ?» አለችኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ እውነትም ምንም የለንም።

ጋሽ ጉርሜሳ ቃሊቲ ጭነት እየጠበቀ ነው። ዛሬ ማታ ቢጭኑለት ነገ ይነሳል፤ ከዚያ ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋ አለ፣ ከዚያ በረሃው አለ። ያንቺ ቀን ከነገ ወዲያ ነው። «ትደርሳለህ?» ስለው «እነዳለሁ» ብቻ አለኝ። መኪናውን ልግፋለት ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። እኔም ለመሳቅ አልነበረም ያልኩት።

እንግዲህ ይሄ እጅሽ ሲገባ ወይ ወርደሻል ወይ ቀርተሻል፤ የተጻፈውም ወይ ረድቶሻል ወይ ለከንቱ ነው። ታስረሽ ይሁን ተፈትተሽ የወረድሽው፣ ያን ማለዳ አንቺም አታውቂውም። ፖስታውን ይዤ ሮጬ የማደርሰው ቢሆን ጫማዬን አውልቄ እሮጥ ነበር።

እማዬ አሁን ደጃፍ ላይ ቆማለች። የሳምራን የልብስ ማስጫ ገመድ ታያለች። አንሶላው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ካዛንቺስ ዛሬ ትንፋሽ የምታህል ነፋስ እንኳ የለም። «ይሄ ለሷ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም አልኳት። ብዕሩን አስቀምጬ አጠገቧ ልቆም ነው።

ነገሪ